ዶክተር ሲመጣ የሚድን ፍሪጅ

የእህቴ ባል ዶክተር አይደለም። እኔ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ አስያዥ ስለሆንኩ እውነተኛውን ዶክተር በየቀኑ አየዋለሁ፤ ነጭ ጋውን ይለብሳል፣ እጁን ይታጠባል፣ ፈገግ አይልም። የእህቴ ባል ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ግን “ዶክተር” ይለዋል፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ “ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም” ብሎ አያውቅም። ስሙ የወጣለት ከአሠራሩ ነው። ሌላው ጠጋኝ ሰው ቤት ሲገባ መፍቻውን ያወጣል፤ እሱ መጀመሪያ ጫማውን ያወልቃል። ከዚያ ሰው ሁሉ ዝም እንዲል በእጁ ምልክት ይሰጥና ጆሮውን ፍሪጁ ጎን ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። “ከመቼ ጀምሮ ነው?” ይላል። “ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎት ያውቃል?” ይላል። ሰዎቹ ደንግጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይመልሱለታል። አንዷማ “ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?” አለችው ይባላል። ይህን እኔ አላየሁም፤ የሰማሁት ከራሱ ነው።

ቤታችን ውስጥ አራት ነን። እትዬ፣ ታላቅ እህቴ ማለቴ ነው፣ የክሬም ኬክ በትእዛዝ ትሠራለች። ዶክተር ባሏ ነው። እኔ “ቤት እስካገኝ ድረስ” ብዬ ገብቼ ይኸው ስድስት ዓመቴ፤ ቤቱን የሚፈልግልኝ ሰው ገና አልተወለደም መሰለኝ። አራተኛው አባታችን ናቸው። አባባ ሠላሳ አራት ዓመት የአንድ ትልቅ ፋብሪካ ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ በእሳቸው ዘመን አንዲት ብሎን ሳይፈረምባት ከዚያ መጋዘን አልወጣችም። እናታችን ካረፈች በኋላ፣ ከሦስት ወር በፊት፣ ሁለት ሻንጣቸውን ይዘው እኛ ጋ መጡ።

መጀመሪያ የቤቱን አስቤዛ እገዛለሁ አሉና ዘንቢሉን ተረከቡ። ጨው ገዝተው ይመለሱና ጨው ሊገዙ ይወጣሉ። አሥራ አንደኛው ጨው ሲገባ እትዬ ዘንቢሉን ደበቀችው። ከዚያ ሻይ ማፍላቱን ያዙ፤ ማንቆርቆሪያው ውሃው አልቆ፣ ደርቆ፣ ከሰል ሆኖ ተገኘ፤ ከምድጃው አጠገብ እንዳይደርሱ ተባሉ። ከዚያ የበሩን ቁልፍ ያዙ፤ እሱም ተወሰደባቸው። እትዬ ክፉ አይደለችም፤ አንድ ቀን ቤቱ ይነድብናል ብላ ነው። ግን ስትከለክል ድምፅዋ ከፍ ይላል፤ ሰፈር ይሰማል። ቁልፉን የተቀበለቻቸው ቀን አባባ ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ። አራት ቀን አልተነሡም። አኩርፈው እንዳይመስላችሁ። ገብቼ ስጠይቃቸው “ሥራ ከሌለ መነሣቱ ለምንድን ነው?” አሉኝ፤ ልክ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው። አንጀቴን በሉት። በአምስተኛው ቀን በራሳቸው ተነሥተው፣ ተላጭተው፣ ኮታቸውን ለብሰው ለቁርስ ቀረቡ። ምን እንዳስነሣቸው ማናችንም አልጠየቅንም። ተመስገን ብለን ዳቦውን አቀረብንላቸው።

ፍሪጃችን የታመመው ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እትዬ ለአንድ ባንክ አዲስ ቅርንጫፍ መክፈቻ የታዘዘችውን ኬክ እሑድ ስትሠራ ውላ ፍሪጅ ውስጥ አስገባችው። ኬኩ የባንኩን ሕንፃ ነው የሚመስለው፤ ባለ ሦስት ፎቅ፣ መስኮቶቹ በቸኮሌት፣ ዘበኛው በማርዚፓን፣ በጣፋጭ የለውዝ ሊጥ። ሰኞ ጠዋት ስትከፍተው ሦስተኛው ፎቅ ምድር ቤት ወርዷል። ሁለተኛው ወደ ጎን ዘሞ የእንቁላሉን መደርደሪያ ተደግፏል። ዘበኛው ክሬም ውስጥ እስከ አንገቱ ገብቶ ኮፍያው ብቻ ይታያል። እትዬ አልጮኸችም። እሷ የምታስፈራው ዝም ስትል ነው። በመጨረሻ ወደ መኝታ ቤት ዞር ብላ “አንተ ሰውዬ፣ ና በሽተኛህን እይ” አለች።

ዶክተር በፒጃማው መጣ። ጆሮውን ለጠፈ። ሞተሩ እንደ ድመት ያንኮራፋል።

“ይሠራል እኮ” አለ።

“አሁንማ ይሠራል! ስከፍተው ግን ለብ ብሎ ነበር!”

“የውስጡ መብራት በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?”

እትዬ አየችው። የፍሪጃችን የውስጥ አምፖል ከተቃጠለ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዶክተር የሰው ቤት አምፖል ሲቀይር ይውላል፤ የእኛን “ነገ” እንዳለ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

ይህን ዓይነት ነገር እኔ ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ በጥርሱ ሲጮህ አድሮ፣ እኔ ፊት ቆሞ ስሙን ሲያስመዘግብ “አይ፣ አሁንስ ተወኝ” ይላል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ገና ታክሲ ውስጥ ሳለ ይነሣበታል። ፍሪጃችንም እንደዚያ ሆነ። እትዬ ብቻዋን ስትከፍተው ለብ ብሎ ይጠብቃታል፤ ዶክተር ሲጠራ ሞተሩ ቀድሞ ተነሥቶ ይጠብቀዋል። “የሞተ ፍሪጅ ቀላል ነው” አለኝ በሁለተኛው ቀን ፂሙን እያሸ፤ “የሚዋሽ ፍሪጅ ነው የሚያስቸግረው።”

ማክሰኞ ፍሪጁን ከግድግዳው ስቦ የጀርባውን ቧንቧ አቧራ ጠረገ። ከአቧራው ውስጥ አንድ ማበጠሪያ፣ ሁለት ማንኪያ እና ከዓመት በፊት “ማን ሰረቀኝ” ብዬ ቤቱን ያመስኩበት የጆሮ ጌጤ ወጣ። ከዚያ የበሩን ጎማ ፈተነ፤ ወረቀት በበሩ መሃል ያስገባና ይዘጋዋል፣ ሲጎትተው በቀላሉ ከወጣ ጎማው ያስተላልፋል ማለት ነው። ወረቀት ሲያጣ የእኔን የቀጠሮ ካርድ አስገባ። ጎማው እንዲህ ጠንካራ መሆኑን ያወቅነው ካርዱ ለሁለት ሲቀደድ ነው። ጎማው ጤነኛ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ቴርሞስታቱ ነው ተባለና፣ ማለትም ቅዝቃዜውን እየለካ ሞተሩን የሚያስነሣውና የሚያቆመው ዕቃ፣ በአዲስ ተቀየረ። ረቡዕ ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ በረዶ ሠርቶ ዋለ። እትዬም ቀኑን ሙሉ ከኩሽና ሳትወጣ ነበር የዋለችው፤ ይህን ግን ያኔ ማን አስተዋለው? ዶክተር እራት ላይ እግሩን አነባብሮ ስለ ሙያ ክብር ንግግር አደረገልን። ሐሙስ ጠዋት ወተቱ ኮምጥጦ ተገኘ።

ሐሙስ ሪሌዩን ቀየረ። ሪሌይ ማለት ሞተሩን ገፋ አድርጋ የምታስነሣ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ዕቃ ናት። ላይዋ ላይ “በዚህ ወደ ላይ” የሚል ቀስት አለባት፤ ተገልብጣ ከተገጠመች ሲያሰኛት ትሠራለች፣ ሲያሰኛት እምቢ ትላለች። ይህን ዶክተር ነው ያስረዳኝ። “ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት እንኳ ሪሌይ ገልብጦ የሚገጥም ሰው ካለ፣ ሙያውን ትቶ ቲማቲም ይሽጥ” አለኝ።

አርብ የፍሪጁ በር ላይ ሠንጠረዥ ለጠፈ። እኔ ከሥራ ቦታዬ ተውሼ ያመጣሁትን ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀመጠና፣ የከፈተ ሰው ሁሉ ሰዓቱን፣ ሙቀቱን፣ ስሙንና ምክንያቱን እንዲጽፍ አዘዘ። ሠንጠረዡ ከሰዓት በፊት እንዲህ ይል ነበር፦ “አንድ ሰዓት ከሩብ፣ አራት ዲግሪ፣ እትዬ፣ ቅቤ። ሦስት ሰዓት፣ አሥር ዲግሪ፣ ዶክተር፣ ምርመራ። ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ አሥር ዲግሪ፣ ዶክተር፣ ምርመራ። ሦስት ሰዓት ከስምንት፣ አሥራ አንድ ዲግሪ፣ ዶክተር፣ ክትትል።” ከሥሩ እትዬ በትልቁ “በሽታው አንተ ነህ” ብላ ጽፋበታለች። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ በሚያምር የድሮ ጽሕፈት “ታይቷል” የሚል ቃልና የአባባ ፊርማ ነበር።

ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ ቢቀር ምንም አልነበረም። ወሬው ግን ወጣ። የዶክተር ፍሪጅ ታሟል ተባለ። ፀጉር አስተካካዩ በመንገድ ሲያገኘው “በሽተኛው እንዴት አደረ?” እያለ በሳቅ ይፈርሳል። ባለ ጭማቂ ቤቱ “የራሱን ያላዳነ የኔን ያድናል?” ብሎ ፍሪጁን ለሌላው ጠጋኝ፣ ለቀጮ ሰጠ። ዶክተርን ያቆሰለው ይህ ነው። ቀጮ አምስት ዓመት በእሱ እጅ የተማረ ልጅ ነበር። አድጎ፣ ጎልምሶ፣ ከመንገዱ ማዶ የመስታወት በር ያለው ሱቅ ከፈተ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶክተር በዚያኛው የእግረኛ መንገድ ሄዶ አያውቅም። ያለው ነገር ሁሉ ቢወሰድበት ግድ የለውም፤ ያቺ “ዶክተር” የምትባለዋ ስም ግን የእሱ ናት። ሰው በስሟ ሲጠራው ትከሻው ቀና ሲል አይቻለሁ።

አርብ ከሰዓት እትዬ ፍርዷን ሰጠች። ለእሑድ የሠርግ ኬክ ትእዛዝ አላት፤ ክሬሙን ቅዳሜ ከሰዓት ማስገባት አለባት።

“ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ካልዳነ ቀጮን እጠራለሁ።”

“እኔ በቁሜ እያለሁ?”

“አንተ በቁምህ እያለህ ነው ኬኬ የተኛው።”

ዶክተር የያዘውን ሻይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ፤ በረንዳው ላይ ቆሞ የቀጮን ሱቅ ሲያይ በመስኮት አየሁት። በስንት ዓመቴ አሳዘነኝ። ከዚያ በፊት ያሳዘነኝ ራዲዮዬን ልሥራልሽ ብሎ ያቃጠለብኝ ቀን ነው፤ ያኔ ግን ያዘንኩት ለራዲዮው ነው።

ቅዳሜ እኔ ሥራ የለኝም። ቁርስ ላይ ሠንጠረዡን ይዤ አየሁትና “ይሄ ፍሪጅ የሚታመመው እኛ ከበላን በኋላ ነው” አልኩ። ዶክተር ማንኪያውን አስቀመጠ። ሰዓቶቹን በጣቱ ተከተለ። ከቁርስ በኋላ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከእራት በኋላ። “ዛሬ እይዘዋለሁ” አለ። እትዬ እንቁላል ልትገዛ ስትወጣ ኩሽናውን ለእኛ ለቀቀችልን።

ኩሽናችን መስኮቱ የሚከፈተው ጎረቤት ግንብ ላይ ስለሆነ ቀትርም ቢሆን ያለ መብራት አይታይበትም። ዶክተር ፍሪጁን ወደ ፊት ስቦ ከጀርባው ወለሉ ላይ ተንጋለለ። የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሷል። እኔን አጠገቡ ካለው ዕቃ ቤት ውስጥ አስገብቶ በሩን ገርበብ አደረገልኝ። “ሞተሩ ዝም ሲል ሰዓቱን ጻፊ። እንዳትተነፍሺ፤ ሰው መኖሩን ካወቀ አይታመምም።” የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ፣ እስክርቢቶ ይዤ፣ ፍሪጅ እስኪታመም መጠበቅ ጀመርኩ። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያለኝ ሰው ነኝ።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ የእግር ኮቴ ሰማሁ። አባባ ናቸው። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረዋል፤ መጋዘን ሊፈትሽ የገባ ኃላፊ ራሱ። ኩሽናው መሃል ቆመው ግራ ቀኝ ቃኙ። ዶክተር ከፍሪጁ ጀርባ ነው፣ እኔ ዕቃ ቤት ነኝ፤ አላዩንም።

“ሰው የለም” አሉ ለራሳቸው። “መብራቱ ግን ይነዳል።”

በሩ አጠገብ ወዳለው ማብሪያ ሄዱ። ማብሪያው ባለ ሁለት ነው። አንዱን ጠቅ አደረጉት፤ ኩሽናው ጨለመ። “አንተም” አሉት ሁለተኛውን በቁጣ፣ “አንዲት አምፖል ሳታበራ በርተህ ትውላለህ!” ጠቅ። ፍሪጁ አንድ ጊዜ ሰውነቱን አራገፈና ጸጥ አለ።

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አባባ ሊወጡ ሲሉ ግን ከፍሪጁ ሥር የሚወጣውን የእጅ ባትሪ ብርሃን አዩት። ተመለሱ። ጎንበስ ሲሉ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማኝ። “ይሄኛው ደግሞ ማጥፊያው የት ነው?” እያሉ የፍሪጁን ጎን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። በሩን ከፍተው ዘጉት። አንድ ጊዜ በጥፊም ቢጤ ነካ አደረጉት። በመጨረሻ ዶክተር ከወለሉ ላይ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ባትሪውን ቀስ ብሎ አጠፋው።

“ጎሽ” አሉ አባባ። ቀና ብለው ኮታቸውን አስተካከሉ። “እኔ ባልኖር ይሄ ቤት ምን ይውጠው ነበር?” ብለው ወደ ሳሎኑ መብራት አለፉ።

ከዚያ ዶክተር ባትሪውን አብርቶ ብርሃኑን ማብሪያው ላይ ጣለና “እኔ ነኝ” አለ በቀጭን ድምፅ። “እኔ ነኝ ያስገባሁት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት። ሶኬቱን ለመንቀል ከፍሪጁ ጀርባ መጎንበስ ሰልችቶኝ ማብሪያ አበጀሁለት። በእነዚህ እጆቼ። ከዚያ ረሳሁት።”

ነገሩ ሁሉ በአንዴ ገባኝ። እኛ ወደ ኩሽና ስንገባ እጃችን ዕቃ ስለማይለየው በመዳፋችን ሁለቱንም ማብሪያ በጥፊ አብርተን ነው የምናልፈው፤ ስንወጣ የምናጠፋው የአምፖሉን ብቻ ነው። ሁለተኛው የምን እንደሆነ አሥራ አንድ ዓመት ማንም አልጠየቀም፤ እትዬ ድሮ የተነቀለው የውሃ ማሞቂያ ማብሪያ ነው ትል ነበር፣ እኔ የጌጥ ነው ብዬ ነበር። አባባ ግን የንብረት ሰው ናቸው፣ ሁለቱንም ያጠፋሉ። ዶክተር ሊመረምር ሲመጣ ደግሞ በራሱ መዳፍ ፍሪጁን አብርቶት ይገባና “ይሠራል እኮ” ይላል። ሳምንቱን ሙሉ! ሳቄ መጣ። ጆንያው ላይ ወደቅኩ፤ ዱቄቱ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ፤ እያነጠስኩ ሳቅኩ። ዶክተርም ሳቀ፤ ወለሉ ላይ እንደተንጋለለ ሆዱ ሲርገበገብ ይታየኛል። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ።

“ለእህትሽ እንዳትነግሪያት” አለ።

“ለምን? ስምህ ዳነ እኮ! ፍሪጁ ጤነኛ ነው!”

“ስትሰማ ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ። ትጮሃለች። እንደ ዘንቢሉ ይሄንንም ትከለክላቸዋለች። ከዚያስ?”

ከዚያማ አውቀዋለሁ። ከዚያ ግድግዳው ነው። በአምስተኛው ቀን ከአልጋ ያስነሣቸው ይሄ እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ፤ የቀራቸው ሥራ ይሄው ብቻ ነበር። “ታዲያ ሽቦውን ከማብሪያው አውጥተህ በቀጥታ አገናኘው” አልኩት። “አሥር ደቂቃ ይበቃኛል” ብሎ ሊነሣ ሲል የግቢው በር ተከፈተ። እትዬ ስድስት ሰዓት አልጠበቀችም። እንቁላሉን በአንድ እጇ፣ ቀጮን በሌላኛው ይዛ ነው የመጣችው ማለት ይቻላል።

ወደ ኩሽና ስትገባ እንደ ልማዷ ሁለቱንም ማብሪያ በክንዷ ገጨቻቸው። መብራቱ በራ፤ ፍሪጁም በዚያችው ቅጽበት ግር ብሎ ተነሣ። ዶክተር ከፍሪጁ ጀርባ አቧራ ለብሶ፣ እኔ ከዕቃ ቤት ዱቄት ለብሼ ብቅ አልን። እትዬ ምን እየሠራን እንደሆነ መጠየቅ እንኳ አልፈለገችም። ቀጮ ግን ዓይኑ እኛ ላይ አልነበረም። ጆሮውን ወደ ፍሪጁ ዘንበል አድርጎ ነበር፤ ያንን ደግሞ ከማን እንደተማረው ይታወቃል።

“ቆይ ቆይ” አለ። “መብራቱ ሲበራ ነው የተነሣው።” ማብሪያውን አየው፤ ፊቱ በራ። “ጋሼ! ይሄን እኮ እኔና እርስዎ ነን ያስገባነው! ትዝ አይልዎትም? ማን ነው ታዲያ ይሄን የሚያጠ—”

“ሪሌዩን ገልብጬ ገጥሜዋለሁ!” ብሎ ጮኸ ዶክተር።

ቆይቶ ሲያስበው “ሽቦ ላልቶ ነው” ቢል ይበቃ ነበር። “ሶኬቱ አርጅቷል” ቢልም ያስኬደው ነበር። ግን በዚያች ሰከንድ አፉ ላይ የመጣለት የሙያው ትልቁ ኃጢአት ነው። ቀጮ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ይህ ሰውዬ ሪሌይ ገልብጦ የያዘን ተማሪ ሁሉ “ሂድ ቲማቲም ሽጥ” ሲል የኖረ አስተማሪው ነው።

“ምን አደረግኩ አልክ?” አለች እትዬ።

“ገልብጬ። ቀስቱን ወደ ታች። መጀመሪያ የተበላሸው ቴርሞስታቱ ነበር፤ እሱን ቀየርኩ፣ ዳነ። ከዚያ ሪሌዩን ስቀይር... ገለበጥኩት።” ጆሮው ፍም መስሏል።

ጩኸቱን ሰምተው አባባ በሩ ላይ መጡ። ሁላችንንም በተራ አዩንና “ስትወጡ መብራቱን አደራ” አሉ፤ ጣታቸው ማብሪያው አጠገብ ነበር። ቀጮ አባባን አየ። ጣታቸውን አየ። ማብሪያውን አየ። ከዚያ ዶክተርን አየው፤ ዶክተር ወለሉን ነበር የሚያየው። ልጁ ሞኝ አይደለም።

“አዎ” አለ ቀስ ብሎ ቦርሳውን እያወረደ። “ከተገለበጠ ሲያሰኘው ነው የሚሠራው። እስቲ ልየው።”

ከፍሪጁ ጀርባ ገብቶ ቀጥ ብሎ የተገጠመውን ሪሌይ ፈታ፣ ቀጥ አድርጎ መልሶ ገጠመው። “ከመጣሁ አይቀር” ብሎ ማብሪያውንም ከፈተና የፍሪጁን ሽቦ በቀጥታ አገናኘው። ሁለተኛው ማብሪያ ከዚያ በኋላ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ቢበራም ባይበራም ፍሪጁ አይሰማውም። ሲወጣ የዶክተርን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ጨበጠው። እትዬ ያንን “ሲያበሽቀው ነው” ብላ ተረጎመችው። የእሑዱ ኬክ አራት ደረጃ ሆኖ፣ አንዱም ሳይዘም፣ ለሙሽሮቹ ደረሰ።

እትዬ ሦስት ቀን ሳቀች። ባሏን ትወደዋለች፤ ወሬ ግን ይበልጥ ትወዳለች። ለፀጉር አስተካካዩ ሚስት ነገረቻት፤ ለፀጉር አስተካካዩ ሚስት የተነገረ ነገር ደግሞ በራዲዮ የተነገረ ያህል ነው። በሳምንቱ ሰፈሩ “ዶክተር” ማለቱን ትቶ “ግልብጤ” ይለው ጀመር። የግቢው በር ይንኳኳና “ግልብጤ አለ?” ይባላል። እሱም መሣሪያውን አንስቶ “አለሁ” እያለ ይወጣል። ጫማውን ማውለቁን ተወው። ጆሮውን ፍሪጅ ላይ መለጠፉንም ቀነሰ፤ ሰው ይስቃል። እኔ በንዴት ልፈነዳ ነው። አንድ ቀን መንገዱ መሃል ቆሜ እውነቱን ልለፍፍ ብዬ ተነሥቼ ነበር፤ ክንዴን ይዞ “ተይው፣ የኔ እህት፤ ስም ነው፣ ያልፋል” አለኝ። አላመንኩትም፤ እሱም አላመነም።

ባለፈው ሐሙስ እራት ላይ እትዬ ለእንግዳ ታሪኩን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ነግራ ስትጨርስ፣ እንግዳው ስቆ ሲሄድ፣ አባባ ሳህናቸውን ገፋ አድርገው ዶክተርን ትክ ብለው አዩት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ዳቦ ይፈረፍራል።

“ስማ” አሉት። “ሰው ሥራው እምቢ የሚለው ጊዜ አለ። እኔም ደርሶብኛል። ተኝቼ ነበር፣ ታስታውሳለህ?”

“አስታውሳለሁ፣ አባባ።”

“መተኛት ግን ምንም አይረባም።” ወደ እሱ ጠጋ ብለው፣ እትዬ እንዳትሰማ ይመስላል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “እኔ አንድ ሥራ አለችኝ። ትንሽ ናት፣ ግን ቤቱን ይዛለች። መብራቶቹን ነው። ብቻዬን እየዞርኩ ነው የማጠፋው፤ አንዳንዴ ይደክመኛል። ከፈለግክ እንከፋፈላት። መኝታ ቤቶቹን አንተ ውሰድ።” ትንሽ አሰብ አደረጉ። “ኩሽናው እኔ ጋ ይቆይ። ኩሽና ልምድ ይፈልጋል።”

ዶክተር ቀና ብሎ አያቸው። ዓይኑ ሲሞላ አየሁት፤ እኔ ደግሞ የጠረጴዛውን ልብስ ማስተካከል ጀመርኩ።

“እሺ አባባ” አለ። “መኝታ ቤቶቹን እኔ እይዛለሁ።”

ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ መኝታ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞሮ አጠፋ። አባባ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ይከታተሉት ነበር።